ለሰውም ለላምም አንድ በር

ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ አያቴ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደምትኖር ጠየቁኝ። ቤቷ መንዝ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር እንደሆነ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ግን ደበቅሁ። ላሞቿና በጎቿ የሚያድሩት እዚያው ቤት ውስጥ፣ በጋጣ ነው። ጋጣ ማለት ቤት ውስጥ ለከብት የተከለለ ቦታ ነው። እኔ ግን አፍሬ «ከብቶቹ ሌላ ቤት አላቸው» አልኩ።

ባለፈው ሐምሌ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደሚገኘው ዳርትሙር ሄድኩ። ነፋስ የሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ነው። እዚያ ሃየር አፓኮት የሚባል የገበሬ ቤት አለ። መጀመሪያ የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ግድግዳው ግራናይት ድንጋይ፣ ክዳኑም ሣር ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቤት «ረጅም ቤት» ይሉታል።

በረጅም ቤት ሰውና ከብት የሚገቡት በአንድ በር ነበር። ከበሩ እንደገባን ቤቱን አቋርጦ የሚያልፍ መተላለፊያ አገኘን። ሰው ወደ ላይኛው ክፍል፣ ከብት ወደ ታችኛው ጋጣ ይሄዳል። ቤቱ የቆመው በተዳፋት መሬት ላይ ነው፤ ጋጣው በቁልቁለቱ በኩል ነው። በጋጣው መሐል ቦይ አለ። የከብቶቹ ሽንት በቦዩ ወርዶ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል እንጂ ወደ ሰው አይመጣም። የከብቶቹ ሙቀት ደግሞ በብርድ ጊዜ ለቤቱ ይጠቅማል። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ እንዲህ በደንብ የታሰበበት ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

ድሮ ቤቱ የጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ መሐል ወለሉ ላይ ይነዳል፤ ጭሱ በሣሩ በኩል ይወጣል። ያ በጭስ የጠቆረ ጥንታዊ ሣር ዛሬም አለ። ቀና ብዬ ሳየው የአያቴ ጣሪያ ትዝ አለኝ። ጥቀርሻው ያው ነው።

ማታ ደወልኩላት።

«እማማ፣ እንግሊዞችም ከከብቶቻቸው ጋር ያድሩ ነበር።»

«ታዲያ ብርድ ላይ ሊያሳድሯቸው ኖሯል? አሁንስ?»

«አሁን ጋጣው ባዶ ነው። ሰው ቤቱን ለማየት ከሩቅ ይመጣል።»

ሳቀች። «እንግዲያስ የኔንም መጥተው ይዩት፣ ልጄ። ቡና አለ።»

ሰኞ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ ፎቶዎቹን አዩ። «የአያቴም ቤት እንዲህ ነው» አልኳቸው። «የእሷ ጋጣ ግን ዛሬም ላሞች አሉበት።»