ከጫካው ይልቅ ቢሮው

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ማታ ከሥራ ገብቼ የሻርሎት ጄይን «ቢት ኖት ዘ ቦንስ» ጀመርኩ፤ እንቅልፌን ወሰደው። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1919 አደሌድ፣ አውስትራሊያ የተወለደች ናት። ሻርሎት የብዕር ስሟ ሲሆን የወጣላት ስም ጄራልዲን ነው። ፓፑዋ ውስጥ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርታለች፤ ታሪኩም የሚፈጸመው እዚያው ነው። መጽሐፉ በ1952 ታትሞ፣ በ1954 የአሜሪካ የምስጢር ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር ለምርጥ ልብ ወለድ የሰጠውን የመጀመሪያውን የኤድጋር ሽልማት አገኘ። በዓመቱ የተሸለመው ሬይመንድ ቻንድለር ነበር።

ስቴላ የምትባል ወጣት ባሏ ራሱን እንዳጠፋ ይነገራታል። አታምንም። ገዳዩን ፍለጋ ማንንም ወደማታውቅበት አገር ብቻዋን ትሄዳለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ግማሹን አልፌዋለሁ። ሙቀቱ፣ ጫካው፣ የጥንቆላ ወሬው ሁሉ ተደማምሮ ያስጨንቃል። እንደ እኛ ያለውን አገር ለማስፈራሪያነት ብቻ የሚጠቀም ስንት የፈረንጅ መጽሐፍ አንብቤያለሁ! ጄይ ግን ያንን ፍርሃት የምትቀሰቅሰው ልትመረምረው ነው። ስቴላ ወደ እውነቱ በቀረበች ቁጥር ጥርጣሬዋ ከመንደሩ ሰው እየራቀ ወደ ቅኝ አስተዳደሩ ቢሮ፣ ሻይ ጋብዘው ወደሚያጽናኗት የአገሯ ሰዎች ይዞራል። በታሪኩ ውስጥ ስለሚነሣው ወርቅ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ በኋላ ሃቫና ጎዳና አጠገብ ከአንድ ታላቅ ወዳጄ ጋር ቡና ጠጣን። ወሬያችን ደራሲው በዓሉ ግርማ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ‹ኦሮማይ›ን መቼ አነበብከው?»

«ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ተውሼ። ጠዋት ለሌላ ሰው መድረስ ነበረበት።»

«ኦሮማይ» የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለመንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይወርዳል፤ ፊያሜታን ይወዳል፤ በሰላዮች መረብ መካከል ይገባል። እሱም እንደ ስቴላ ለከተማው እንግዳ ነው፤ ከማዶ ያለውን ጠላት ሲጠብቅ የራሱን ወገን ማየት ይጀምራል። በዓሉ ለዚህ ድፍረቱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ያሳተመው ሶሆ ፕሬስ ነው። የጄይንም ልብ ወለድ ዳግም ያሳተመው ይኸው ድርጅት መሆኑን ስነግረው ጋሼ ደስ አለው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የጄይን መጽሐፍ ጨረስኩ። ያሰብኩት ስለዚችው ስለምንኖርባት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 «ኦሮራን የስደተኛ ወሮበሎች ያዟት» ተብሎ በአሜሪካ ምድር ሁሉ ሲወራ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን እየደወሉ «ደህና ናችሁ?» ይሉን ነበር። እኛ ልጆች ትምህርት ቤት እናደርሳለን፤ እንጀራ እንገዛለን። ወንጀል አልነበረም አልልም፤ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ የከተማው አስተዳደር አንዱን የኪራይ ሕንፃ ዘግቶ ነዋሪዎቹን ሲያስወጣ፣ በምክንያትነት የጠቀሰው ለኑሮ የማይበቃ መሆኑን ነው። ስደተኛው የተፈራውን ያህል የሕንፃው ባለቤት አልተፈራም።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ልብ ወለድ በአማርኛ ከዚህ ከተማ እንዲወጣ የምመኘው። ዴንቨርንና ኦሮራን አቋርጦ የሚያልፈው ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ሬሳ ተገኘ ብሎ የሚጀምር ደራሲ ከመካከላችን ቢነሣ፣ ጎዳናውን በገዳይነት አይክሰስ። ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ኪራዩን ማን ይሰበስብ ነበር? «ራሱን አጠፋ» ብሎ የፈረመው ማን ነው? እዚያ ይጀምር።