ለግንቡ ሄደው ሐይቁን ያለፉ

የዓመት ፈቃድ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእግር ነው፤ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ሐረር ተብሎ ይወጣል፤ ድንጋይ ታይቶ፣ አስጎብኚ ተሰምቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሥራው የባሰ ተደክሞ ይመለሳል። ሌላው የጀርባ ነው፤ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ይወረድና ተንጋሎ ይዋላል። ላንጋኖ ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ይወደዳል፤ ውኃው ሻይ በወተት መምሰሉን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ዋናው ነገር ዳር ያለው ውኃ መሆኑ ነው።

ግብፆች እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቲኬት ይሸጣሉ። የሳምንቱን ግማሽ ሉክሶር ከፈርዖኖች ጋር፣ ግማሹን ደግሞ ሁርጋዳ ቀይ ባሕር ዳር። ቱርኮችና ግሪኮችም እንደዚሁ ናቸው፤ ሰው ጠዋት ሦስት ሺህ ዓመት አይቶ ከሰዓት ይዋኛል። እኛ ዘንድ ታሪኩ ሞልቷል፤ ባሕሩ ግን የለም። ለዕረፍት ምጽዋ ይወርዱ የነበሩ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ዛሬ ነገሩን የሚያወሩት ለልጅ ልጆቻቸው ነው። ስለዚህ ጎብኚያችን ይመርጣል፤ ወይ ድንጋይ፣ ወይ ውኃ።

ይህ ምርጫ ሐረር ላይ ሲደርስ ያስቆጨኛል። ሐረር የምትወደደው በግንቧ ነው፤ የኖረችው ግን በውኃም ጭምር ነው።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ሐሳቡ ቀድሞት ጀጎል ገብቷል። ዳገቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ታች ይቀራል፤ መስኮት ይዘጋል፤ የጫት ማሳ ግራና ቀኝ ይጀምራል። አዴሌ ታልፎ ሐረማያ ሲደረስ ሰፊ ውኃ ብልጭ ይላል። ስልኩን የሚያወጣ የለም። አንድ ጊዜ ሾፌሩን «እዚህ ጋ አምስት ደቂቃ ብትቆምልን» ብለው፣ «አቦ! የከፈልከው ለሐረር ነው፤ ውኃ ምን ይታያል?» አለኝ። በዚያ አገር ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ከፍቅር ነውና አልተቀየምኩም። ከኋላ የተቀመጡት ግን በጥያቄዬ ሳቁ፤ ግማሾቹ ለጉብኝት የሚሄዱ ነበሩ።

ግንቡ መታየት የለበትም የሚል የለም። ጀጎልን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያቀፈው መሬት 48 ሄክታር ቢሆን ነው። በዚህች ስፍራ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች ተመዝግበው፣ በ1998 ዓ.ም ከተማዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትሰፍር ተቆጥረውላታል። የጥንት በሮቿ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ ለመኪና ሲባል ኋላ የተከፈተ ነው። ጎንደርን አይቶ የመጣ ሰው የግንቡን ቁመት ሲያይ «ይኸው ነው?» ይላል። አይፈረድበትም፤ ቤተ መንግሥት የሚያይ መስሎት ነው የመጣው። ጀጎል ውስጥ ግን ሰው ይኖራል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፣ ልብስ ይሰጣል፣ ሽንኩርት ይከተፋል።

ይህን ለማየት ጊዲር መጋላ ገበያ ይበቃል። ሥጋ የገዛች የአገሩ ሴት ዘንቢሏን በሻሽ ሸፍና ብብቷ ሥር አቅፋ ነው የምትወጣው። እንግዳው ግን ሥጋውን በስስ ፌስታል አንጠልጥሎ ሦስት እርምጃ ሳይራመድ፣ ከጣሪያ ጫፍ ሆኖ ሲጠብቀው የቆየው ጭልፊት ይወርድበታል። ፌስታሉ ይቀደዳል፤ ሻጩ ይስቃል፤ ቁራጩ ጉልላት ላይ ሲበላ ባለቤቱ ቆሞ ያያል። ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ቢታለፍ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው የእግር መኪናቸውን ይረግጣሉ። ጨርቁን ከጀርባቸው ካለው ሱቅ ገዝቶ ለሰፊው መስጠት ነው፤ ጭማቂ ተጠጥቶ እስኪመለስ ቀሚሱ ዘምዘም ተደርጎ ይጠብቃል። አስጎብኚዎች እዚህ ቶሎ ያልፋሉ፤ ምክንያቱ አይገባኝም።

ወደ ሐረሪ ቤት የሚገባ ጫማውን ደጃፍ ይተዋል። ውስጡ ቀይ ቀለም በተቀቡ፣ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው፤ ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገር ይታወቃል። ትልቁ፣ የተማረው፣ እንግዳው ከፍ ካለው ላይ፤ ልጆች ከዝቅተኛው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ቦታ በሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ማን እንደገባ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አስጎብኚው ከበሩ በላይ የተጠቀለለውን ምንጣፍ እያሳየ «ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው» ይላል፤ ወንድ ጎብኚዎችም ይህን ሲሰሙ ከሁሉም በላይ ነቃ ይላሉ። እኔን የሚስበኝ ግን ግድግዳው ነው። ከወለል ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ ስፌት ተሰቅሎበታል፤ በስፌቱ መካከል የቆርቆሮና የሸክላ ሳህን ተደርድሯል። ስፌቱ የእናቶች እጅ ሥራ ነው። አበባ የተሳለበት ሳህን ግን ከሩቅ አገር በመርከብ መጥቶ፣ ከዘይላ ወደብ በግመል የወጣ ነው። ስለ ሳህኖቹ ስትጠየቅ የቤቱ እመቤት «አያቴ ናት የገዛችው» ትላለች፤ የቡና ቅጠሉን ቁጢ በወተት ቀድታ እያቀረበች።

ሐረር ለብዙ ዘመን ፊቷ ወደ ዘይላ ነበር። ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም ይወርዳል፤ ጨርቁና ሳህኑ ይወጣል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ መጥቶ ገባ፤ በከተማዋም 10 ቀን ቆየ። ያስጨነቀው መግባቱ አልነበረም፤ የጊዜው አሚር መውጫውን ይፈቅዱለት እንደሆነ ነበር እንጂ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ መጣ፤ ግጥሙን ትቶ ነበር፤ የመጣው ለቡናና ለቆዳ ንግድ ነው። ዛሬ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ያማረ ባለፎቅ ቤት የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ይህን ያወቁ አንዳንድ ጎብኚዎች ቲኬቱ ያስቆጫቸዋል። እኔ ግን ለሕንዳዊው የከፈልኩ ስለሚመስለኝ አይቆጨኝም፤ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ጣሪያው ሁሉ ሲታይ ገንዘቡ ይካሳል።

የራምቦ የመጨረሻ መንገድም ወደ ባሕር ነበር። በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. ጉልበቱ አብጦ መቆም ሲያቅተው ራሱ የነደፈውን ቃሬዛ አሠርቶ፣ 16 ሰዎች ተሸክመውት በ12 ቀን ገደማ ዘይላ ደረሰ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ። ለሐረር ሰው ባሕር ማለት ይህን ያህል የሚደከምለት ነገር ነበር፤ ጃንጥላ ተክሎ የሚተኛበት አይደለም።

ከዚያ ባቡር መጣ። በውሉ መሠረት ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደ ሐረር ነበር የሚዘረጋው፤ ዳገቱ ግን ወጪውን አናረውና ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ቀጠለ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ዘይላ ተረሳች፣ ጅቡቲ ገነነች፤ ሐረርም ከባሕሩ መንገድ ተገልላ ከላይ ቀረች። አሁን ነገሩ ተገልብጦ፣ ባሕር ያላቸው ጅቡቲዎች በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይወጣሉ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ለዕረፍቱ ብርድ ፍለጋ ሐረር ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ባሕር የለንም ብለን እናዝናለን።

ሐረሬ ራሱ ግን ውኃ ሲያምረው የት ይሄድ ነበር? ሐረማያ ነዋ። ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚያው የነበረው የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ፣ የሐረር ቤተሰብ፣ ሠርገኛው ሳይቀር ወደዚያ ይወጣ ነበር። የሐረር ቧንቧም ከዚያው ሐይቅ ነበር የሚቀዳው፤ በጀጎል የተፈላው ቡና ሐረማያን የቀመሰ ነበር ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ቀነሰ ማለቴ አይደለም፤ ከብት ተሰማራበት። ማን ጨረሰው ቢባል ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው አይገኝም። ገበሬው ለጫቱና ለድንቹ ፓምፕ ተከለ፤ ጎረቤቱ አይቶ ተከለ። ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደ ደለል ወለሉን ሞላው። ሐረር ቧንቧዋን፣ ሐረማያ ከተማ የራሷን፣ ኮሌጁም የራሱን ከፈቱ። ሁሉም የወሰደው ድርሻውን ብቻ ነው። ጫት ደግሞ እንደ ሌላው አዝመራ ገበያ አይጠብቅም፤ ገበያው አወዳይ ሌት ተቀን ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ውኃ ያጠጣ ያተርፋል። እኔ በገበሬው ቦታ ብሆን ፓምፑን አጠፋ ነበር ብዬ መማል አልችልም።

ከዚያ በኋላ በሐረር ቢጫ ጀሪካን የየመንገዱ ጌጥ ሆነ። አህያ ጀሪካን ትጭናለች፤ ሰው ወረፋ ይይዛል፤ ቧንቧ መጣ ሲባል ሌሊት ይነሣል። በመጨረሻም ውኃው ከድሬዳዋ ወገን፣ ከቆላው ጉድጓድ ተስቦ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ እንዲወጣ ተደረገ። ሽቅብ የሚገፋ ውኃ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቧንቧውም ይጠፋል።

የሚያናድደኝ ንጽጽሩ ነው። አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ ከ450 ዓመት በላይ ቆሟል፤ የግብፅ ጦር ገብቶ 10 ዓመት ተቀምጦ ወጥቷል፤ በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ ጦርነቱ ሲያበቃ ከተማዋ ለምኒልክ ገብራለች፤ ጣልያንም መጥቶ ሄዷል። ግንቡ እዚያው ነው። ከጀጎል አንድ ድንጋይ የነቀለ ዛሬ ይጠየቃል፤ ቤቱን የሚያድስም ፈቃድ ያወጣል። ሐይቁ ግን ምልክት አልተተከለበትም፤ አስጎብኚ አልቆመለትም፤ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳን ሳይሞላ አለቀ። ቅርስ የምንለው ሰው የካበውን ብቻ ነው። ግንቡን ያስገነቡት ሰዎች ከኛ ይልቅ ለሌሎች ፍጡራን አስበዋል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከግንቡ ሥር ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጎርፉ ይወጣባቸዋል፣ ጅቡ ይገባባቸዋል። በአሹራ ቀን ለጅቦች በቅቤ የተሠራ ገንፎ የሚቀርብበት ከተማ ነው። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ አብዪው በየስማቸው እየጠራ ሥጋ ሲያጎርሳቸው ቱሪስት ሁሉ ያጨበጭባል፤ ያው ቱሪስት ጠዋት በሐይቁ በኩል ሲያልፍ ተኝቶ ነበር።

ሐይቁ ግን ተመልሷል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝናቡ በርትቶ፣ በዙሪያው ያለው ኮረብታም እርከን ተሠርቶለት፣ ውኃው ሳይታሰብ የድሮ ቦታውን ያዘ። ወፎቹ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ከሰው ቀድመው ደረሱ። ልጆች ዳሩ ላይ ይንቦጫረቃሉ። ጫቱ ግን አሁንም ውኃ ይጠማዋል፤ የሐይቁም ሁለተኛ ዕድሜ ከመጀመሪያው እንዲረዝም የሚያስገድድ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ አስጎብኚዎች ሆይ፣ ሐረማያን ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡ። ሐይቁ መድረቁንም ደብቃችሁ አትለፉት፤ ግንቡ ማን እንዳስገነባው እንደምትነግሩን ሁሉ ውኃው እንዴት እንዳለቀ ንገሩን። አንባቢም ለሐረር የያዝከውን ፈቃድ አንድ ቀን ጨምርበት፤ ጀጎልን በጠዋት፣ ሐይቁን በማግስቱ። ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረውን ሹዋሊድን፣ በ2016 ዓ.ም ዩኔስኮ የመዘገበውን፣ ለማየት ካሰብክ ደግሞ አልጋ አስቀድመህ ያዝ፤ በዚያ ሰሞን ከውጭ የሚመጡት ሐረሪዎች ከተማውን ይሞሉታል።