ሰው እያለ ለውሻ?



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለችውን ከነዓናዊት ሴት ብዙ ጊዜ ሰብከናል። ስንሰብክ የምንቸኩለው ሁልጊዜ ወደ እምነቷ ነው፤ ጌታ ወዳመሰገነው እምነት ለመድረስ ስንል በመንገድ ላይ ያሉትን ውሾች እንዘላቸዋለን። ዘንድሮ ግን መዝለል አልቻልንም፤ ውሻችን በጠና ታማብን ለሕክምናዋ የሰው እጅ ማየት ግድ ሆነብን።

ስሟ ቡቺ ነው። ለቀየት ሰው ውሻ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከተማ ላላችሁ ግን ጥቂት እንበል። በእኛ ደጋ በግ ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የምንለብሰው ባና ሁሉ ከበጉ ይወጣል። ሌሊት ጅብ ሲመጣ በእርሱና በጉርኖው መካከል ያለው የድንጋይ ካብና የውሻ ጩኸት ነው። ቡቺ ደግሞ የምትጠብቀው የእኛን ግቢ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጎረቤቶቻችን በእርሷ ድምፅ ይነቃሉ።

ኅዳር ላይ ሆዷ ማበጥ ሲጀምር ልጆቹ ልትወልድ ነው ብለው ደስ አላቸው። ከዚያ ውሃ አብዝታ መጠጣት ጀመረች፤ ምግብ ተወች፤ ታስመልሳለች፤ ከኋላዋ መግል ይወርዳት ጀመር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ሲያያት ማህፀኗ መግል ሞልቷል አለን። ሐኪሞች ፓዮሜትራ ይሉታል፤ ያልተመከነች ሴት ውሻን የመራቢያ ወቅቷ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ የሚይዛት በሽታ ነው። መድኃኒት ቢያስታግሰው እንጂ አስተማማኙ መፍትሔ ሆዷ ተከፍቶ ማህፀኗን ማውጣት ነው። ከዘገየ ማህፀኑ ሊፈነዳ ወይም መርዙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ባለሙያው በግና ከብት ሲያክም የኖረ ሰው ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆን ማደንዘዣም መሣሪያም አልነበረውም። ቢሾፍቱ ውሰዷት አለን።

ቢሾፍቱ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑባት ከተማ ናት። ከእኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ደግሞ ማዶ ነው። የአውቶቡስ ረዳት ውሻ አይጭንም። መኪና ኮንትራት ይዘን፣ የቀዶ ሕክምናውንና የመድኃኒቱን ስንደምረው ከሁለት ሙክት ዋጋ አለፈ። ልንሸጠው የምንችለው ሙክት አንድ ነበር።

አንድ ደግ ሰው ገመድ ይዞ መጣ። ክፋት አልነበረበትም። በሀገራችን ለታመመ ውሻ የሚደረገው ይኸው ነው፤ እርሱም ሊያግዘን ነው የመጣው። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ስላዩት ገመዱን ይዞ ተመለሰ።

በዚያው ወር ጉባኤያችን ኩላሊቱ ለደከመ አንድ ወንድም ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። ስለዚህ የቡቺን ነገር መድረክ ላይ ላናወጣ፣ ከመባውም አንዲት ሳንቲም ላትነካ ከሽማግሌዎች ጋር ተስማማን። በእግራችን ቤት ለቤት ሄደን እንጠይቃለን፤ የቻለ ይሰጣል፣ ያልቻለ ይጸልያል። ላለፉት ዓመታት ለሰው ስንለምን ኖረናል፤ ለታመመ፣ ቤት ለተቃጠለበት፣ ለሙት ልጅ። ያኔ አንደበታችን አይያዝም። «ለውሻችን» ማለት ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ውሻ በቋንቋችን ስድብ ነው፤ በስድብ ስም ለሚጠራ ፍጥረት እጅ መዘርጋት ቀላል አይደለም።

አንዲት እህት እንዳለ ነገረችን። «ሰው እያለ ለውሻ?» አለች። ቅን ጥያቄ ነው፤ በንቀትም አልጠየቀችውም። ያ ወንድም ከእርሷ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው።

ማታ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥን። እውነቱን እንናገር፤ ቅዱስ ቃሉ ውሻን አብዝቶ አያመሰግንም። በፊልጵስዩስ ምዕራፍ 3 ስሙ ለሐሰተኞች ተሰጥቷል፤ በራእይ መጨረሻ ከከተማይቱ ውጭ ቀርቷል። ሆኖም ኢዮብ በምዕራፍ 30 መጀመሪያ ላይ የመንጋውን ውሾች ያነሣል፤ ስለዚህ ያ ጻድቅ ሰውም እንደ እኛ በጎቹን የሚጠብቁለት ውሾች ነበሩት ማለት ነው። ኢሳይያስም በምዕራፍ 56 ሰነፎቹን የእስራኤል ጠባቂዎች መጮኽ ከማይችሉ ውሾች ጋር ሲያመሳስል፣ የሚጮኸው ውሻ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ መመስከሩ ነው። ይህን ክፍል ለአገልጋዮች ስናስተምር ቡቺን ምሳሌ አድርገናት እናውቃለን።

ከሁሉ ይልቅ ያቆመን ግን ያች ከነዓናዊት ናት። በግሪኩ የተጻፈው ቃል «ኩናሪያ» ነው፤ የመንገድ ውሻ ሳይሆን ከቤት የሚውል ትንሽ ውሻ ማለት ነው። ጌታ ቅደም ተከተሉን አስቀመጠ፤ ልጆች ይቀድማሉ። ሴቲቱም ቅደም ተከተሉን አልተቃወመችም። ያመለከተችው ማዕዱ እንዴት እንደሚበላ ነው። ፍርፋሪ የሚወድቀው ልጆቹ እየበሉ ሳለ ነው፤ ጠግበው እስኪነሡ የሚጠብቅ ፍርፋሪ የለም። እህታችን ሰው ይቀድማል ማለቷ ትክክል ነው፤ እኛም ለዚያው ነው መባውን ያልነካነው። ነገር ግን ሰው ሁሉ እስኪድን እንስሳ ይጠብቅ ከተባለ፣ በምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ላይ ያለው ጻድቅ ለእንስሳው የሚራራበት ቀን አይመጣለትም። ጌታም በሉቃስ ምዕራፍ 14 በሬው ጉድጓድ የገባበትን ሰው ሲያነሣ፣ ሰንበቱ እስኪያልፍ ማን ይጠብቃል ነው ያለው።

በማግስቱ ወጣን። መጀመሪያ የሰጡን የጉባኤያችን ሰዎች አልነበሩም። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን፣ የእኛ ጉርኖ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ነገሩን ሳንጨርስ መቀነታቸውን ፈቱ። «ጦብያን ተከትሎ የሄደ ውሻ አለ አይደል እንዴ?» አሉን። መጽሐፈ ጦቢት በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ እኛም በኮሌጅ ሳለን ነው ያነበብነው። ያን ቀን ግን ስለ ቀኖና አልተከራከርንም። ከእርሳቸው በኋላ የጉባኤያችን ሰዎችም ሰጡን፤ ሁለቱ በብድር።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሐኪሟ ያወጣችውን ማህፀን ስታሳየን እንደ ተሞላ ስልቻ ከብዶ ነበር። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ያስተማረችንን ለእናንተም ማካፈል ይገባናል። በግ አርደን ጭንቅላቱን ለውሻ እንጥላለን አይደል? እኛ አዙሪት የምንለው፣ በጉ አንገቱን አዘንብሎ የሚዞርበት በሽታ፣ በአንጎሉ ውስጥ ካለ ውሃ የቋጠረ የትል እጭ የሚመጣ ነው። ውሻ ያን አንጎል ከበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጉ ሣሩን ይግጣል። ስለዚህ ጭንቅላቱን መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ወጋችልን። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ከሞላ ጎደል አይተርፍም፤ ወደ ሰው የሚያመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ መተላለፉ ይቆማል። በጓሳ ሣር መካከል ለሚኖረው ቀይ ቀበሮም አንዱ ሥጋት ከውሾቻችን የሚሄድ ይኸው በሽታ ነው። ተመልሰን ይህን በጸሎት ቤቱ ደጅ ስንናገር፣ ለቡቺ ምንም ያልሰጡ ሰዎች ክትባቱ የት እንደሚገኝ ጠየቁን።

ያች እህት ሐሳቧን አልለወጠችም፤ መለወጥም የለባትም። እርሷ ለኩላሊት ሕመምተኛው ወንድም በየሳምንቱ ምግብ ታመላልሳለች፤ እኛም ለእርሱ የምናዋጣውን አልቀነስንም። እባካችሁ በጸሎት አስቡት፤ ሕክምናው አላለቀም።

ከብድሩ የአንድ ሰው ቀርቶብናል። የሙክቱ ቦታ ባዶ ነው። የቡቺ ሆድ የተላጨበት ጠጉር ገና አልበቀለም፤ በውርጩ ምክንያት ልጆቹ አሮጌ ባና ያለብሷታል። እርሷ ግን ማታ ማታ ባናውን ጥላ ካቡ ሥር ሄዳ ትተኛለች።