ስኳር የገለበጠው ዙፋን

አገር በጦር ብቻ አይያዝም፤ በገበያም ይያዛል። ሃዋይን ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. በ1875 የተፈረመ ውል የሃዋይን ስኳር ያለ ቀረጥ አሜሪካ አስገባ። የሸንኮራ እርሻው ሰፋ፤ አብዛኛው ግን በነጭ ባለሀብቶች እጅ ነበር። አገሪቱም የአንድ ገዢ ጥገኛ ሆነች። በ1887 ውሉ ሲታደስ አሜሪካ ፐርል ሃርበርን ለባሕር ኃይሏ አገኘች።

በ1890 ዋሽንግተን የሁሉንም አገር ጥሬ ስኳር ከቀረጥ ነፃ አደረገች፤ ለራሷ አምራቾች ደግሞ በፓውንድ 2 ሴንት ድጎማ ፈቀደች። የሃዋይ ብልጫ ጠፋ። ድጎማውን ለማግኘት አንዱ መንገድ የአሜሪካ አካል መሆን ነበር።

በጃንዋሪ 1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ የዙፋኑን ሥልጣን የሚመልስ ሕገ መንግሥት ሊያውጁ ተነሱ። ባለሀብቶቹ አደሙ። ከ160 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሆኖሉሉ በወረዱ ማግስት ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በ1897 ከ21,000 በላይ ሰዎች ወደ አሜሪካ መጠቃለልን ተቃውመው ፈረሙ። ውሉም በሴኔት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። በ1898 ከስፔን ጋር ጦርነት ሲነሳ ግን ኮንግረስ በተራ የድምፅ ብልጫ ደሴቶቹን ጠቀለለ።

በ1993 አሜሪካ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች። አገሪቱ ግን አልተመለሰችም።

ገበያው አንድ ብቻ የሆነ አገር፣ የሸቀጡን ዋጋም የራሱንም ዕጣ የሚወስንለት ሌላ ነው።