ተቀበል!

በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ፌስቡክ በ2001 ዓ.ም. «ላይክ»ን ካመጣ ወዲህ፣ በዚያ መንደር የምንጽፍ ሰዎችም ስንኝ ተቀባዮች ሆነናል። በቁጣ የጻፍሁ ዕለት አውራ ጣቱ ይጎርፋል፤ ስለ ክረምት ዝናብ የጻፍሁ ዕለት ገጼ ጭር ይላል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ደግሞ ከጥቂት መስመር በኋላ ስለሚቆረጥ፣ ጩኸትን ማስቀደም ያጓጓል። ተከታይ በዚህ መንገድ ይበዛል። ነገር ግን የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? አዝማሪ እንኳ የተቀበለውን ብቻ አያዜምም፤ ከራሱም ሰምና ወርቅ ይጨምራል። አንባቢ ቢበዛልኝ ደስታዬ ነው፤ ስለ ዝናቡ መጻፌን ግን አልተውም። ያንን የሚያነብቡልኝ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ እስከ መጨረሻው መስመር አብረውኝ ይዘልቃሉ።