ሚኤሶ ላይ ቲማቲም መቼ ይተከላል?

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ደጋው ከኋላ ይቀርና ሜዳው፣ ግራሩና ሙቀቱ ይጀምራል። እዚያ አንዲት እናት በጓሮዋ ቲማቲም ታለማለች። ብዙ ሰው ዝናብ ሲጥል መትከል የሚሻል ይመስለዋል። በክረምት ግን እርጥበቱ በሽታ ያመጣና ቅጠሉን ይጨርሰዋል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ሌሊቱም ስለማይቀዘቅዝ አበባው ሳያፈራ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም ችግኝ ታፈላለች፣ በጥቅምት ታዛውራለች፣ በጥር መልቀም ትጀምራለች።

ያኔ ታዲያ ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ውሃ በጀሪካን ይገዛል። አመሻሽ ላይ ከሥር ከሥሩ ታጠጣለች፣ አፈሩን በማሽላ አገዳ ትሸፍናለች። (አገዳው የላሟም መኖ ነውና ይህም ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ አለው።) «አትክልት አልሙ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ ያንን ጀሪካን ቢሸከም ጥሩ ነበር።

ልጇ የጭሮንና የሒርናን ገበያ አይቶ ጫት ይተከል ይላል። ሒሳቡ ስህተት አይደለም፤ ጫት ከቲማቲም ይልቅ ድርቅ ይችላል። እሷ ደግሞ በ2008ቱ ድርቅ ማሽላው ማሳ ላይ ሲቀር ያየችውን አልረሳችም፤ ጫት ወጥ አይሆንም ትላለች።

ዘንድሮ ጓሮውን እኩል ተካፍለዋል። ውሃውን ማን እንደሚቀዳ ግን ገና አልተነጋገሩም።