በመንዝ ጓሳ ላይ ስለ ጭላዳና ስለ ቀይ ቀበሮ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ደብረ ብርሃንን ካለፍን በኋላ፥ በጣርማ በር አጠገብ ወደ ግራ የሚገነጠለውን መንገድ ይዘን ወደ መንዝ ወጣን። ጓሳ የሚባለው ደጋ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ማለዳ ስንደርስ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፥ ጅብራውም በጉም ውስጥ እንደ ዘብ ቆሞ አገኘነው። የመንዝ ሰው ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ለቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር እስኪያድግ ድረስ ለጥቂት ዓመታት ይዘጋና፥ በሽማግሎች ፈቃድ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጅ ቢቀርም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል።

የሄድንበት ምክንያት ግን አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። አራዊት ጠላት ሲመጣባቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ ስንሰማ ስለ ኖርን፥ ነገሩን በዓይናችን ለመመልከት ፈልገን ነው።

ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ጭላዶች ከማደሪያቸው አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ሌሊቱን በገደል ላይ የሚያድሩት ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው ነው። ጭላዳ ሣር ነጭቶ የሚኖር ነውና፥ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሲነጭ ለሚያየው ሰው ጤፍ የሚያርም ገበሬ ይመስላል። ሲግጡም ዝም አይሉም፤ አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው ይመልስለታል፥ ይህም «አለሁ፥ አልራቅሁም» እንደ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚገልጸው፥ ወንዶቹ ከንፈራቸውን እያርገበገቡ የሚያሰሙት አንድ ድምፅ በአወራረዱ ለሰው ንግግር የቀረበ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ቀይ ቀበሮ ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለ። አሁን ጩኸት ይሆናል ብለን ጆሯችንን አቀናን። ነገር ግን አንድም ጭላዳ አልጮኸም። ቀበሮው ራሱን ዝቅ አድርጎ፥ ሕፃናቱ በሚጫወቱበት መካከል ቀስ ብሎ አለፈ፤ ሕፃናቱንም ቀና ብሎ አላየም። የሚፈልገው አይጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዚሁ በጓሳ የተደረገ ጥናት ታትሞ እንደ ተረዳነው፥ ቀበሮ በጭላዶች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ሲሳካለት፥ ብቻውን ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 ጊዜ ነው። ምናልባት ጭላዶቹ ሲነጩ አይጡ ከጉድጓዱ ይደናገጥ ይሆናል፤ ወይም በዚያ ሁሉ እግር መካከል የቀበሮው ኮቴ አይለይለት ይሆናል። ውሉ ግን ጽኑ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ቢነጥቅ፥ መንጋው ተረባርቦ አስጣለውና አባረረው፤ ዳግመኛም እንዳይቀርብ ከለከለው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ እረኛ ልጅ በጎቹን እየነዳ መጣ፤ ከፊቱም አንድ ቀይ ውሻ ይሮጥ ነበር። እኛስ ከሩቅ ብናየው ሁለተኛ ቀበሮ ነው ብለን ነበር። ጭላዶች ግን አልተሳሳቱም። በዳር የነበረ አንድ ወንድ አጭር ጩኸት ቢያሰማ፥ ሣር የሚነጨው እጅ ሁሉ ቆመ። ወዲያው እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ሮጡ፤ ያ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ከዓይናችን ተሰወረ። ቀበሮውም ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቀርቶ፥ ጥቂት ቆመና ሄደ።

ከእኛ ጋር የነበሩት የጥበቃው ሽማግሌ «ጌታዬ፥ የሚያውቁት በአካሄዱ ነው፤ የሚሮጥ አይታመንም» አሉን። እኛም ልጁን «ልጄ፥ ውሻህን ለምን አታስረውም?» ብንለው፥ «ጌቶች፥ ጅብ በሌሊት ሲመጣ ማን ይጮህልኛል?» ብሎ መለሰ። ለዚህ የምንመልሰው አላገኘንም፤ በውነቱ እርሱም እንደ ጭላዳው የሚጮህለት ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሰውም ከ500 አይበልጥም። ከውሻ የሚተላለፍበት የእብደት በሽታ ደግሞ በባሌ ተራሮች ብዙውን ፈጅቶበታል። ስለዚህ ውሻው ተከትቦ እንደ ሆነ ጠየቁት። ልጁም አምና መወጋቱን፥ የዘንድሮው ግን ገና መሆኑን ነገራቸው። እርሳቸውም ስሙንና የአባቱን ስም በወረቀት ጻፉ።

ጭላዶቹ ወደ ሣሩ የተመለሱት ልጁና ውሻው ከኮረብታው ማዶ ከወረዱ በኋላ፥ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቀበሮው ግን በዚያ ቀን አልተመለሰም።